የካናዳ ሲኒማ ቤቶች የሀገራቸውን ፊልም እንዲያሳዩ በሕግ ይገደዱ?

አወያይ፦ የካናዳ ሬዲዮ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የተወሰነ መጠን ያለው የሀገራቸውን ሙዚቃ የማሰማት ግዴታ አለባቸው። ሲኒማ ቤቶች ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለባቸውም። ይኑርባቸው ወይስ አይኑርባቸው? በውይይቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

ማርታ፦ ይኑርባቸው እንጂ! መንግሥት የፊልም ድጋፍ ሰጪ መሥሪያ ቤቱ በሆነው በቴሌፊልም ካናዳ በኩል ለፊልም ሥራ ገንዘብ ያወጣል። ፊልሙ በቶሮንቶ ፌስቲቫል አዳራሽ ሞልቶ ይታያል፣ ይጨበጨብለታል። ከዚያስ? ማሳያ ቢያገኝ እንኳን ለአንድ ሳምንት ነው፣ ያውም ሰው ሥራ ላይ በሚውልበት ሰዓት። ይህ ዘርቶ አጨዳውን ለጎረቤት መተው ነው። ደቡብ ኮሪያ በዓመት 73 ቀን የሀገር ፊልም እንዲታይ ታስገድዳለች፤ እስከ 2006 ድረስ ደግሞ 146 ቀን ነበር። የኮሪያ ሲኒማ የት እንደደረሰ አይታችኋል።

ሰለሞን፦ የማይወዱት ዘፈን በሦስት ደቂቃ ያልፋል። ለፊልም ግን ሰው ትኬት ቆርጦ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ ማን ያስገድደዋል? ደግሞም ሬዲዮ በፌዴራል መንግሥት ሥር ነው፣ ሲኒማ ቤት ግን በየክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ሥር ነው። ኦታዋ ብትፈልግም ማዘዙ ይከብዳታል።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ልጆቼ፣ ይህ ነገር የቆየ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካናዳ የአሜሪካ ዶላር አጥሯት፣ ሆሊውድ ከሀገሯ የሚያወጣውን ገንዘብ ልትገድብ አስባ ነበር። በ1948 ኩባንያዎቹ ገደቡ እንዲቀር በምትኩ በፊልሞቻቸው ካናዳን ሊያስተዋውቁ ተስማሙ። ውሉ አሥር ዓመት ዘለቀ። ማስተዋወቁ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ፦ በአንድ የካውቦይ ፊልም ላይ በሌሊት የወፍ ድምፅ ይሰማል፤ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከካናዳ የመጡ ወፎች ናቸው የሚል መልስ ይሰጣል። በቃ፣ ካናዳ ተዋወቀች! ትልቁ የሲኒማ ቤቶች ድርጅት ፌመስ ፕሌየርስ ደግሞ ከ1930 ጀምሮ በሆሊውዱ ፊልም ሠሪ ኩባንያ በፓራማውንት እጅ ነበር። ፊልም አቅራቢውና ባለ አዳራሹ አንድ በሆኑበት ገበያ ተመልካቹ መረጠ ማለት ያስቃል።

ሰለሞን፦ ጋሽ ተስፋዬ፣ ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን ያ ድርጅት በ2005 ተሸጦ ከካናዳዊው ሲኒፕሌክስ ጋር ተቀላቅሏል። ባለቤቱ የሀገር ልጅ ሲሆን ምን ተለወጠ?

ማርታ፦ ምንም! ስለዚህ ነው ሕግ ያስፈልጋል የምለው።

ዳዊት፦ ሁላችሁም ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋን ክፍለ ግዛት ኬቤክን ዘላችኋት። በ2006 የወጣውን «ቦን ኮፕ ባድ ኮፕ» የተባለ ፊልም አስታውሱ። በኦንታሪዮና በኬቤክ ድንበር ላይ በቆመው ሰሌዳ አናት አስከሬን ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ የየትኛው ፖሊስ ጉዳይ ነው? አንዱ መርማሪ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፣ ሌላው ፈረንሳይኛ። ፊልሙ ለሁለቱም ወገን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ገቢው ግን በአብዛኛው የተሰበሰበው ከኬቤክ ነው። የኬቤኳ ሞንትሪያል ያለኮታ፣ ማለትም ያለ ግዴታ፣ አዳራሹን የሞላችው ተዋንያኑን ከቴሌቪዥን ስለምታውቃቸው ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዋ ቶሮንቶ ተዋናይ ግን ስሙ ሲነሳ ወደ ሎስ አንጀለስ ይሄዳል።

ሰለሞን፦ አየሽ ማርታ? ኮታ ደግሞ ምን እንደሚወልድ ካናዳ ራሷ አይታዋለች። ብሪታንያ በ1927 ሲኒማ ቤቶቿን የብሪታንያ ፊልም እንዲያሳዩ ስታስገድድ፣ የካናዳ ፊልምም በዚያ ይቆጠር ነበር። ወዲያው በ1930ዎቹ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ ኮታ መሙያ ርካሽ ፊልም በጥድፊያ ይመረት ጀመር፤ ጀርባው ላይ ያለው የሆሊውድ ኩባንያ ነበር። በ1938 ሕጉ የካናዳን ፊልም ከቁጥር ሲያስወጣ ስቱዲዮው ተዘጋ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ይህን ጥሩ አነሳህ። በፈቃደኝነትም ተሞክሯል፤ በ1975 ትልልቆቹ ድርጅቶች ለካናዳ ፊልም በዓመት ጥቂት ሳምንታት እንሰጣለን ብለው ነበር። አስገዳጅ ስላልነበረ ሟሟ።

ማርታ፦ እንግዲያው ቀኑ አይቆጠር፤ ሰዓቱ ይቆጠር። ዓርብና ቅዳሜ ማታ አንድ አዳራሽ ብቻ፣ ለሦስት ሳምንት። ፊልሙ ሰው ካልሳበ ይውረድ፣ አልከራከርም።

ሰለሞን፦ ባዶ ወንበሩን ማን ይከፍላል?

ማርታ፦ በኢንተርኔት ፊልም የሚሸጡት ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች። በ2024 የካናዳ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ አካል ከካናዳ ገቢያቸው 5 በመቶ እንዲያዋጡ ወስኖባቸው የለም? ከዚያ ላይ ጥቂቱ ለአዳራሾች ይሰጥ።

ሰለሞን፦ እነሱ ደግሞ ውሳኔውን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄደዋል። ገና ባልገባ ገንዘብ አዳራሽ አትከራዪ።