ቪዲዮ ያሳመነውንና ራሱ ያየውን ሰው እንዴት ልለይ?

ሰላም ወገኖች፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ግራ ገብቶኛል፣ የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ። ርዕሴ የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ቪዲዮዎች ሰው ስለ ከተማ ዘላቂነት (ማለትም ከተማዋ ለነገም የምትበቃና የምትኖር መሆኗ) ያለውን አመለካከት እንዴት እንደሚቀርጹ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ የሚዘዋወረውን ታውቁታላችሁ፦ ማታ በድሮን የተቀረጸ ፒያሳ፣ መብራት፣ የብስክሌት መንገድ፣ ከኋላ ሞቅ ያለ ሙዚቃ። ቤት የፈረሰባቸው የት እንደገቡ ወይም መንገድ ዳር የተተከለው ሣር በምን ውሃ እንደሚለመልም ከዚያ ከፍታ አይታይም።

ችግሬ እዚህ ጋ ነው። ዘላቂነት ስል ሰው ሁሉ ስለ መብራቱ ያወራኛል። አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ «ከተማዋ ዱባይ ሆናለች» አለችኝ፣ ወዲያው ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በጀሪካን እያጠራቀመች እንደምትሠራ ነገረችኝ፣ ሁለቱን ግን ጭራሽ አላገናኘቻቸውም። ታዲያ ይሄ የቪዲዮው ሥራ ነው ወይስ የእግረኛ መንገዱ በእውነት ተመችቷት? (መመቸቱንማ እኔም አልክድም።)

ያሰብኩት ለአንዱ ቡድን የድሮን ቪዲዮ፣ ለሌላው ያንኑ ቦታ በስልክ ከመሬት የተቀረጸ አሳይቼ አንድ አይነት ጥያቄ መጠየቅ ነበር። አማካሪዬ ግን «የድሮን ቪዲዮውን ቀድሞ ያላየ ሰው ከየት ታመጣለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከተማዋን በስክሪን ብቻ የሚከታተሉ፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉ ዘመዶቻችንን እንደ ማነጻጸሪያ ባስገባስ? ወይስ ናሙናው ይዘበራረቅብኛል? እንዲህ አይነት ነገር የሞከረ ካለ ጥያቄዎቹን እንዴት እንዳዘጋጀ ቢነግረኝ ትልቅ ውለታ ነው።