ሦስት ልጆች ይዤ ቤት ልቀር ነው፤ ውጭ እያወጣሁ ማስተማር ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ የሦስቱ እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ሰመር ሲያልቅ አራተኛ ክፍል ይገባል። ሴቷ 7፣ ትንሹ ገና 3። ትልቁ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ጠላብኝ። ጠዋት በተነሳ ቁጥር ሆዴን፣ ራሴን ነው። ሐኪም አየው፣ ምንም የለውም። አስተማሪው በየሳምንቱ "አይቀመጥም" ብሎ ይጽፍልኛል። እውነቱን ነው፣ አይቀመጥም። ግን ባለፈው ማክሰኞ ስንመለስ መኪና ማቆሚያው ጋ ጉንዳኖች የዳቦ ፍርፋሪ ሲጎትቱ አየና አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። የጠየቀኝ ጥያቄ ቢቆጠር ሃያ ይሆናል፣ የመለስኩለት ሁለቱን ነው። ሐሳቡ ያኔ ነው የመጣልኝ።

ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። እኔ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለምሠራ በአዘቦት ቀን ቤት ነኝ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሁለቱን ትልልቆች ቤት ላስተምር ወስነናል። እውነቱን ለመናገር እኔ ወስኛለሁ፣ እሱ ገና እያሰበ ነው። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ላደርጋቸው ግን አልፈልግም፣ እሱማ እዚያም አልሆነም። ውጭ አውጥቼ፣ በእጃቸው እያስነካሁ ነው የምፈልገው። ችግሩ ጫካ ወስጄ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ያደግኩት ፒያሳ ነው፣ የማውቀው ዛፍ ባሕር ዛፍና ጽድ ነው። መንግሥትስ ምን ይለኛል? እንግሊዝኛዬስ ይበቃል? መዥገሩስ? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።

መልስ፦ ስፕሪንግፊልድ

እህቴ፣ በሕጉ ልጀምርልሽ። ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው፣ ቀላሉም እሱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ አትጠይቂም፣ ታሳውቂያለሽ። በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለከተማሽ የትምህርት ሱፐርኢንቴንደንት (የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ) ደብዳቤ ትልኪያለሽ። ልጆቼን ቤት አስተምራለሁ፣ የማስተምራቸውም እነዚህን ነው ብለሽ ዝርዝር ታያይዣለሽ። የትምህርት ዓይነቶቹ ስም ይበቃል። ማስተማር እንደምትችይ ለማሳየት ደግሞ ቀላሉ መንገድ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስሽን የሚያሳይ ወረቀት ማያያዝ ነው። እኔ ከአገር ቤት ያመጣሁትን የዲግሪ ኮፒ አያይዤ ተቀብለውኛል። የምትልኪውን ሁሉ ግልባጭ አስቀሪ።

ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ታስገቢያለሽ። አንዱ መንገድ አገር አቀፍ ፈተና ነው፣ ውጤቱ ቢያንስ አራተኛው ስታናይን ላይ መድረስ አለበት፣ ከ23ኛው ፐርሰንታይል ጀምሮ፣ ከመቶ ተፈታኝ 23 ያህሉን መብለጥ ማለት ነው። ሌላው የመምህርነት ፈቃድ ያለው ወይም በአንድ የትምህርት ዘርፍ ማስተርስ ያለው ሰው የልጁን ሥራ አይቶ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ቁጭ ብሎ መፈተን ለሚከብደው ልጅ ደብዳቤው ይሻላል። ስለዚህ ደብተሩን፣ ሥዕሉን፣ ፎቶውን ቀን እየጻፍሽበት አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ።

ስለ እንግሊዝኛሽ ደግሞ፣ እኔ ጋ እንዲህ ነው የምናደርገው። ልጆቹ ፓርኩ ላይ የተለጠፈውን ያነባሉ፣ ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ያስረዱኛል። ማስረዳት ካልቻሉ አልገባቸውም፣ እንደገና ያነባሉ። አማርኛቸውም በዚያው ተረፈ።

መልስ፦ የአራት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የእኔን ስህተት እንዳትደግሚ ብዬ ነው። እኛ ሜሪላንድ ሕጋችን ይለያል (ከመጀመራችን 15 ቀን ቀድመን እናሳውቃለን፣ የልጆቹን ሥራም ያዩብናል)፣ ልጅ ግን ያው ልጅ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ብር አውጥቼ በሳጥን የሚመጣ ሙሉ ሥርዓተ ትምህርት ገዛሁ። ነጭ ሰሌዳ ሰቀልኩ። ደወል ሁሉ ገዝቼ ነበር፣ አትሳቁ። ኖቬምበር ላይ እነሱም እኔም እያለቀስን ነበር። ሳጥኑ አሁን አልጋ ሥር ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። በየሳምንቱ አዲስ ቦታ፣ ዛሬ ሙዚየም፣ ነገ ባልቲሞር። ማታ ምን አያችሁ ስላቸው የሚያስታውሱት አይስክሬሙን ብቻ ነው። አሁን አንድ ቦታ ይዘናል። ስላይጎ ክሪክ፣ በእግር የሚደረስ ወንዝ፣ ማክሰኞና ሐሙስ። የትኛው ድንጋይ ከዝናብ በኋላ እንደሚሸፈን፣ የትኛው ዛፍ ቀድሞ ቅጠሉን እንደሚጥል ልጆቹ ያውቃሉ፣ ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት እዚያው ነበሩ።

ላንቺ የሚቀርብሽ ሀንትሊ ሜዶውስ የሚባለው ፓርክ ነው። መግቢያው ነፃ ነው፣ ረግረጉ ላይ የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቷል፣ የትንሹን ጋሪ መግፋት ትችያለሽ። ኤሊ፣ እንቁራሪት፣ ሽመላ የሚመስል ረጅም ግራጫ ወፍ አለ። ቢቨሮቹን ማየት ከፈለግሽ ማልደሽ ወይ አመሻሽ ላይ ሂጂ።

እዚያ ስትደርሱ ሃያ ደቂቃ ምንም አታድርጊ። እውነቴን ነው፣ ምንም። ይሩጡ፣ ይጩሁ። ሲረጋጉ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይምረጡና ይሳሉት፣ ቀኑንና አየሩን ይጻፉበት። ሴቷ በገመድ ትለካ፣ ትልቁ ይቁጠር። "ስሙ ምንድን ነው" ብለሽ አትጀምሪ፣ ያኔ አንቺም አታውቂም እነሱም አያውቁም። "ምን ያደርጋል?" በያቸው። ስሙ ቤት ሲገባ ይፈለጋል። ለወፍ ግን መርሊን የሚባል ነፃ አፕ አለ፣ ድምፁን ሰምቶ ይነግርሻል። ጥላ ሳይሆን ቦት ጫማ ግዢ፣ ቆሎ ያዢ።

መልስ፦ አባ ወራው፣ ዉድብሪጅ

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ እኔ እንደሌሎቹ አላጨበጭብም። የእኔም ልጅ ሆዴን ይል ነበር። ኋላ ሲጣራ አውቶቡስ ላይ አንድ ትልቅ ልጅ ያስቸግረው ኖሯል። ያኔ ቤት አስቀርቼው ቢሆን ምክንያቱን ሳላውቅ እቀር ነበር። መጀመሪያ ለብቻው ይዘሽው ውጪና ቀስ ብለሽ ጠይቂው። ባልሽም እያሰበ ነው አልሽ፣ ያስብ። ሌሊት ነድቶ ቀን የሚተኛ ሰው ቤት ውስጥ ሦስት ልጅ ምን እንደሚያደርጉት እኔ አውቃለሁ፣ እኔም ነጂ ነበርኩ።

ከወሰንሽ ግን አንድ ነገር እንዳያመልጥሽ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ላለው ቤተሰብ የፌዴራል ፓርኮች ነፃ ፓስ አለ፣ "ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ" ይባላል። ቤት ለሚማሩም ይሠራል። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኦገስት 31 ነው፣ ከድረ ገጹ አትመሽ ትይዣለሽ። እኛ ግሬት ፎልስ ነበር የምንሄደው። ፏፏቴው አጠገብ ጎርፉ በየዓመተ ምሕረቱ የት እንደደረሰ ምልክት ያለበት እንጨት ቆሟል፣ የ1936ቱ ከሰው ራስ በላይ ነው። ልጄ ቀና ብሎ አይቶ "አባዬ፣ እዚህ ቆመን ብንሆን?" ያለኝን አልረሳውም። የመቀነስ ሒሳብ ያን ቀን አንድም ሳያጉረመርም ሠራ። ውሃው ውስጥ ግን እግራቸውን እንኳ እንዳያስገቡ። ክልክል ነው፣ ላዩ ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ ሰው ይወስዳል።

መልስ፦ ነርስ ነኝ

ስለ መዥገሩ። ፍርሃቱ ልክ ነው፣ ቤት የሚያስቀር ግን አይደለም። ነጣ ያለ ልብስ አልብሺያቸው፣ ቶሎ እንዲታይሽ። ሱሪው ካልሲ ውስጥ ይግባ፣ ከመንገዱ መሃል አይውጡ። ቤት ስትገቡ ልብሱ ከመታጠቡ በፊት በደረቁ ማድረቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ ይዙር። ከዚያ ገላቸውን እያጠብሽ ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ከጉልበት ጀርባ፣ እምብርት፣ ፀጉር ውስጥ እዪ። ላይም የሚባለውን በሽታ ለማስተላለፍ መዥገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፣ ስለዚህ በየቀኑ ማየቱ ነው ዋናው።

ካገኘሽ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ አድርገሽ ያዢና ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። አገር ቤት ከብት ላይ እንደሚደረገው ጋዝ፣ ቫዝሊን፣ ክብሪት፣ ምንም አትሞክሪ። ቀኑን ጻፊ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሽፍታ ወይ ትኩሳት ካየሽ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ሌላው፣ ሦስት ሦስት ቅጠል እያወጣ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ተክል እንዳይነኩ። ፖይዝን አይቪ ነው፣ ለቀናት ያሳክካል። ትንሹን ሦስት መቁጠር በዚያው ታስተምሪዋለሽ።

መልስ፦ ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ ሩቅ ባለሁም አንድ ነገር ላክልልሽ። የአንድ ሜትር ዱላ ግቢያችሁ ውስጥ ቀጥ አድርገሽ አቁሚ። ከእኩለ ቀን ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ይጣልበት። አጭሩ ጥላ ሲገኝ ያ ነው እውነተኛው ቀትር። እናንተ ጋ በአሁኑ ወቅት ከ1 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚሆነው፣ ለምን 12 ላይ እንዳልሆነ ትልቁ ልጅ ያስብበት። ፒያሳ ሰው ካለሽ በዚያው ቀን እዚህም ያስለኪ፣ እዚህ በአገራችን አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ግንቦት 20 አካባቢ እናንተ ጋ ጥላው 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆንና ወደ ሰሜን ይወድቃል። አዲስ አበባ ግን 22 ያህል ነው፣ የሚወድቀውም ወደ ደቡብ! ፀሐይ በዚህ ወቅት ከራሳችን በላይ አልፋ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ክረምት ሳይገባ ይሁን እንጂ፣ ከሰኔ በኋላ እዚህ ጥላ የሚባል አይገኝም።

በጥላ ርዝመት ተነስቶ የመሬትን ዙሪያ ያሰላው ኤራቶስቴንስ የግብጿ እስክንድርያ ነበር የሚኖረው። እናንተም አሌክሳንድሪያ ናችሁ፣ ስሙ ያው ነው። ይህን ለልጁ ንገሪው።

ዝናብ ከሆነ ደግሞ ሊጥ አለ። ሁለት ብርጭቆ ውስጥ እኩል የጤፍ ሊጥ ከእርሾ ጋር አድርጊ፣ ከፍታው ላይ ላስቲክ እሰሪበት፣ አንዱ ፍሪጅ፣ አንዱ ሞቅ ያለ ቦታ። በየሰዓቱ ይለኩና ይጻፉ። የእንጀራ ዓይን ከየት እንደመጣ ሲጠይቁሽ አትንገሪያቸው፣ መጀመሪያ ይገምቱ።

የሦስቱ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለዘገየሁት ይቅርታ።

አባ ወራው፣ ልክ ነበርክ። ለብቻው ይዤው ወጥቼ ጠየቅኩት። የምሳ ክፍሉ ጫጫታ ራሱን ያመዋል፣ ያልነገርኩሽ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው አለኝ። ሰኞ ትምህርት ቤቱን ላነጋግር ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ኦገስት 15ን የማስበው። ደብዳቤው ግን ተጽፎ ተቀምጧል።

ሀንትሊ ሄድን። ሃያ ደቂቃ ምንም አለማድረግ እንዴት ከባድ ነው! ከዚያ ትልቁ ግንድ ላይ የተደረደሩ 14 ኤሊዎች ቆጠረ፣ ሴቷ አንድ ቅጠል ለግማሽ ሰዓት ሳለች። ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ ሳይተኛ ተከትሎን ነበር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው። መዥገር አልተገኘም፣ እኔ ላይም አልተገኘ።

ጋሼ፣ ዱላውን አቆምን። እኛ ጋ 31 ከግማሽ። እናቴ ፒያሳ በመጥረጊያ እንጨት ስትለካ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ከቧት ነበር አለች። 22 ነው አለችኝ። ሰሜንና ደቡቡን ግን አላውቅም ብላለች።

ጡረተኛ መምህር

ጥላው ወደየት ነው የወደቀው በያት።

የሦስቱ እናት

ደወልኩላት። ወደ ለገሃር ነው አለች።

ጡረተኛ መምህር

እንግዲያ ደቡብ ነው።