ስልኬ ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ሰዓቴ ውጭ አገር ይሠራል?

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ፣ ጨንቆኛል። በቅርቡ ውጭ አገር እሄዳለሁ። የሮሚንግ (ውጭ አገር ሆኖ ሲም የመጠቀም) ሒሳብ ስለምፈራ ስልኬን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጌ ሆቴል ልተወው አስቤያለሁ። እጄ ላይ የሚቀረው ኢሲም (ውስጡ የተገጠመ ዲጂታል ሲም) ያለው አፕል ዎች ሰዓቴ ብቻ ነው።

ትናንት ሞከርኩት። ስልኩን እንደዚያው አድርጌ ወጣሁ። ሰዓቱ ላይ የሞባይል ኔትወርኩ ምልክት አረንጓዴ ሆነ። ደወልኩ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ኤስኤምኤስ ግን ወፍ የለም! ተመልሼ ስልኩን ስከፍት ሦስት መልእክት ተከታትሎ ዱብ ዱብ አለ።

የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣልኝ በኤስኤምኤስ ነው። ስልኩን ከሆቴሉ ዋይፋይ ጋር ባገናኘው፣ ሞባይል ኔትወርኩ እንደተዘጋ መልእክቱ ወደ ሰዓቱ ያልፋል? ደግሞስ የሰዓቱ ኢሲም ለብቻው ሮሚንግ ያስከፍላል? የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።