የጋራ ፕሮፖዛል ውይይት፦ የስታቲስቲካል ፊዚክስና የኮምቢናቶሪክስ ዎርክሾፕ በጎንደር

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለመምህራን የምናዘጋጀውን የሁለት ቀን ዎርክሾፕ፣ ማለትም የብዙ ቅንጣቶችን የጋራ ባህርይ (ስታቲስቲካል ፊዚክስ) ከአደራደር ቆጠራ ሒሳብ (ኮምቢናቶሪክስ) ጋር የሚያገናኘውን፣ ዛሬ መልክ እናስይዘው። ጥር አይሆንም፤ በጥምቀት ሰሞን ከተማው ውስጥ ማደሪያ ማግኘት ጭንቅ ነው። የካቲት ይሻላል። ረቂቁ በኢዚንግ ሞዴል፣ ማለትም ማግኔትን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በሚያመለክቱ ትንንሽ ቀስቶች በሚወክለው የፊዚክስ ሞዴል፣ ይጀምራል። ምን ትላላችሁ?

የሒሳብ መምህር፣ አዘዞ፦ ኢዚንግ ለመጀመሪያ ቀን ይከብዳል። በዶሚኖ፣ ሁለት ጎረቤት ቤቶችን በሚሸፍን ቁራጭ፣ እንጀምር። የቼዝ ሰሌዳን በ32 ዶሚኖ በስንት መንገድ መሸፈን ይቻላል? መልሱ 12,988,816 ነው። ተማሪው ግን ከትንሹ ይነሳ። ባለ ሁለት ረድፍ ሰሌዳ እያስረዘመ ሲቆጥር 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያለ ፊቦናቺ፣ እያንዳንዱ ቁጥር የቀዳሚዎቹ ሁለት ድምር የሆነበት ተከታታይ፣ ራሱ ይመጣለታል። 4 በ4 ሲሆን 36 ነው፤ እሱም በእጅ ያልቃል። ኮምፒውተር አይጠይቅም።

የፊዚክስ ድህረ ምረቃ ተማሪ፦ መምህር፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ፊዚክሱ የታለ?

የሒሳብ መምህር፦ እዚያው ውስጥ አለ እኮ። ዶሚኖውን ክሪስታል ላይ እንደተለጠፈ ባለ ሁለት አቶም ሞለኪውል አስቢው። የአደራደሮቹ ብዛት ሎጋሪዝም ኤንትሮፒውን፣ ማለትም በፊዚክስ የመዘበራረቅን መለኪያ፣ ይሰጥሻል። እ.ኤ.አ. በ1961 ቀመሩን ያገኙት ካስተላይን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቴምፐርሊና ፊሸር፣ ከፊዚክስ ጥያቄ ተነስተው ነው።

የፊዚክስ ድህረ ምረቃ ተማሪ፦ እንደዚያማ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ኦንሳገር በ1944 የፈታው ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ኢዚንግም ወደ ዶሚኖ ዓይነት ቆጠራ ሊቀየር ስለሚችል፣ ኢዚንግን ከሰዓት እናምጣው። በሁለተኛው ቀን በረዶን ልጨምር? ፓውሊንግ በ1935 በበረዶ ውስጥ ሃይድሮጂኖች የሚደረደሩባቸውን መንገዶች በግምት ቆጠረ። ሊብ በ1967 የጠፍጣፋውን በረዶ ሞዴል በትክክል ፈታው። ከዚያ በ1996 ኩፐርበርግ ያንኑ ሞዴል ይዞ፣ በ0፣ በ1 እና በ-1 የሚሞሉ ልዩ የቁጥር ሰንጠረዦች (ማትሪክሶች) ብዛት የሆነውን፣ 1፣ 2፣ 7፣ 42፣ 429 እያለ የሚሄደውን ቆጠራ አረጋገጠ። ፊዚክሱ ለሒሳቡ ብድሩን የመለሰበት ነው። እኔ ከሁሉም ይህን እወዳለሁ፤ እባካችሁ አይውጣ።

ሰብሳቢ፦ አይወጣም። ግን የኩፐርበርግ ክፍል ለመምህራን ብቻ ይሁን፤ ተማሪዎቹ በዚያ ሰዓት ሰሌዳቸው ላይ ይሥሩ። ካርቶኑን ማን ይቆርጣል?

የሒሳብ መምህር፦ የእኛ ክበብ። ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖቹ የተቆረጡ ሰሌዳዎችም እናዘጋጃለን። እነሱን በዶሚኖ መሸፈን ጨርሶ አይቻልም። ምክንያቱን አንንገራቸው፤ የቤቶቹን ቀለም እያዩ ራሳቸው ይድረሱበት።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ። በጀቱ ላይ ካርቶን፣ ሻይና የተማሪዎች ትራንስፖርት አስገባለሁ። የአዳራሹን ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው እኔ እጽፋለሁ። የሁለተኛውን ቀን ዝርዝር እስከ ዓርብ ላኪልኝ።

የፊዚክስ ድህረ ምረቃ ተማሪ፦ እሺ፣ ሐሙስ ማታ ይደርስዎታል።