የጋራ ግዢ ረቂቅ፦ ለ10 የጭነት ሳይክሎች የመሃል ሞተር ኪት

ጸሐፊ፣ ሰኞ ጠዋት
የማኅበራችን አባላት፣ ረቂቁን አያይዣለሁ። ዓላማው አንድ ነው። የጭነት ሳይክሎቻችን ዳገት ላይ በእጅ መገፋታቸው ይብቃ። የጎማ ሞተሮቹ ምን እንዳደረጉን ስለምታውቁ አልደግመውም። የመሃል ሞተር እንዲሆን በስብሰባ ተስማምተናል፤ የቀረው የትኛው ኪት፣ ማለትም ሳይክሉ ላይ የሚገጠም ሞተር ከነዕቃው፣ የሚለው ነው። ሦስት አማራጭ አለን፦ ባፋንግ ቢቢኤስ02፣ ትልቁ ቢቢኤስኤችዲ፣ ቶንግሼንግ ቲኤስዲዜድ2። እስከ ዓርብ ጻፉ። ቅዳሜ ለገንዘብ ያዥ አስረክባለሁ።

የጥገና ክፍል፣ ሰኞ
ለአዲሶቹ አንዴ ላስረዳ። የጎማ ሞተር ጉልበቱን ቀጥታ ጎማው ላይ ነው የሚያሳርፈው። ከሳይክሉ ማርሽ ጋር አይገናኝም። ዳገት ላይ ጎማው ሲዘገይ ሞተሩም አብሮ ይዘገያል። ያኔ ከባትሪው የሚስበው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የእኛዎቹ የተቃጠሉት በዚህ ነው። የመሃል ሞተር ግን ፔዳሉ ጋ ተቀምጦ በካቴናው ይጎትታል። ማርሽ ስታቀል ለራስህም ለሞተሩም አቀለልክ። እሱ ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ ሳይክሉ ቀስ ብሎ ይወጣል።

የእኔ ድምፅ ለቢቢኤስኤችዲ ነው። 1000 ዋት ተብሎ ነው የሚሸጠው። ኮንትሮለሩ፣ ማለትም የሞተሩ መቆጣጠሪያ፣ 30 አምፒር ይስባል፤ በ48 ቮልት ስታባዙት 1440 ዋት ነው። ቢቢኤስ02 25 አምፒር ነው፣ 1200 ዋት። የምወደው ግን ዋቱን አይደለም። ኤችዲው ብረት አለው፣ ሙቀት ይችላል። ከ02ው ወደ 2 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። 80 ኪሎ ለምንጭንበት ሳይክል ይሄ ምንም አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ
ረቂቁ ላይ ባትሪ የለም።

ጸሐፊ፣ ሰኞ
ባትሪው በሁለተኛ ረቂቅ ይመጣል።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ
ሁለተኛ ረቂቅ የሚባል ነገር አላውቅም። ሞተሩን ካጸደቅኩ በኋላ ባትሪ የግድ ነው ልትሉኝ ነው። በጎማ ሞተሩ ጊዜ እንደዚህ ነው የተሠራሁት። ሁለቱን አንድ ላይ አምጡ፣ አለዚያ አልፈርምም።

የጥገና ክፍል፣ ሰኞ
እውነቱን ነው። ጻፊ፦ 48 ቮልት፣ 13 ሴል በተከታታይ፣ ሲሞላ 54.6 ቮልት። የባትሪው መቆጣጠሪያ ካርድ 30 አምፒር ያለማቋረጥ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ዳገት መሃል ላይ ያጠፋል። 14 አምፒር ሰዓት ብንይዝ 672 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባዶ ሳይክል ሜዳ ላይ በኪሎሜትር 10 ዋት ሰዓት ገደማ ቢበላ ነው። ጭነትና ዳገት ሲኖር እጥፍ ብላችሁ አስቡ።

የማለዳ ቡድን ተወካይ፣ ማክሰኞ
እኔ ቶንግሼንጉን ነው የምደግፈው። ምክንያቴን ስሙኝ። ቢቢኤሶቹ የሚያውቁት ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው። እግርሽ ገፋ አልገፋ ግድ የላቸውም፣ ከዞረ ይጎትታሉ። ቶንግሼንጉ የእግርን ግፊት ይለካል። ትንሽ ስትገፊ ትንሽ ይረዳል፣ በርታ ስትይ ይበረታል። ጭነት ይዤ በሰው መሃል የማልፈው እኔ ነኝ። ሳልጠራው የሚወረወር ሞተር አልፈልግም። ያማሃ በ1993 ይህን ሐሳብ ገበያ ያወጣው ለዚህ ነው፤ ሞተሩ እግርን እንዲከተል።

ሌላ ደግሞ። ከ10ሩ አራቱ ፔዳሉን ወደኋላ ስንረግጥ በሚይዘው ፍሬን ነው የሚቆሙት። ቢቢኤስ ሲገባ ፔዳል ወደኋላ ሲዞር ካቴናውን አያዞርም። ያ ማለት አራቱ ሳይክሎች የኋላ ፍሬን አይኖራቸውም። ይሄን ማን አሰበበት?

የጥገና ክፍል፣ ማክሰኞ
ቶንግሼንጉ ውስጥ የናይሎን ጥርስ አለ። ጭነት ይዘን ረጅም ዳገት ስንወጣ ይሞቃል፣ ጥርሱም ይበላል። ለአንድ ሰው ሳይክል ጥሩ ነው፣ ለጭነት አይሆንም። ስለ ፍሬኑ እናያለን።

አዲስ አባል፣ ማክሰኞ
መለኪያ የለም እንዴ? ሦስቱም ኪቶች የፔዳሉ ቱቦ፣ ማለትም ፔዳሉ የሚዞርበት የፍሬሙ ቱቦ፣ ከ68 እስከ 73 ሚሊሜትር ስፋት እንዲኖረው ነው የሚፈልጉት። የውስጡ ቀዳዳም ወደ 33.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ልኬቱ ከዚህ ውጭ ከሆነ ሞተሩ አይገባም። 10ሩንም እኔ እለካለሁ። ረቡዕ ማታ ቁጥሩን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ጸሐፊ፣ ማክሰኞ
ተባረክ። መዝግቤዋለሁ።

መስራች አባል፣ ረቡዕ
የሁሉንም አነበብኩ። አንድ ጥያቄ አለኝ። የካቴና ሽፋኑ የት ይሄዳል?

የጥገና ክፍል፣ ረቡዕ
ይወልቃል ጋሼ። ሞተሩ በቀኝ በኩል ሰፊ የማርሽ ቤት አለው። የፊት ጥርሱም ከበፊቱ ይርቃል። ሙሉ ሽፋን አይገጥምም።

መስራች አባል፣ ረቡዕ
እንግዲያውስ እኔ አልስማማም።

የጥገና ክፍል፣ ረቡዕ
ስለ ቆርቆሮ ነው የምናወራው?

መስራች አባል፣ ረቡዕ
አዎ፣ ስለ ቆርቆሮ ነው። እነዚያን 10 ሽፋኖች ቆርጠን ያጠፍናቸው ሦስት ሰዎች ነን። ከሦስቱ ዛሬ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማኅበሩ ሳንቲም ሳይኖረው የሠራነው የመጀመሪያ ሥራ ነው። አውልቃችሁ የትም ልትጥሉት ነው? ደግሞ የሠራነው ለጌጥ አልነበረም። ጭቃና አቧራ ካቴናው ላይ ሲገባ እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። አንተ ራስህ ሞተሩ በካቴናው ነው የሚጎትተው ብለሃል። በእግር ከሚመጣው ጉልበት ብዙ እጥፍ እየጫንክበት ሽፋኑን ታነሳለህ። ይሄ ምን ዓይነት ጥገና ነው?

የምሽት ቡድን፣ ረቡዕ
ጋሼ ልክ ናቸው። የእኔ ሱሪ ሦስት ጊዜ ካቴና ውስጥ ገብቷል፣ ሽፋኑ የተሰበረበት ሳይክል ቁጥር 6 ላይ።

የማለዳ ቡድን ተወካይ፣ ረቡዕ
ቀሚስ ለብሼ ነው የምነዳው። ያለ ሽፋን አልነዳም። ከሞተሩ ጋር ጽፈሽ ያዢው።

ኦዲተር፣ ረቡዕ
የባፋንግ ኪት ውስጥ ለፊት ጥርሱ ክብ መከለያ አለ። ያ አይበቃም?

መስራች አባል፣ ረቡዕ
እሱ ጥርሱን ከውጭ በኩል ይጋርዳል እንጂ ካቴናውን አይሸፍንም። አይቼዋለሁ።

የጥገና ክፍል፣ ረቡዕ
ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ሞተር ጽፌ አንድ ሰው አልመለሰልኝም። ስለ ሽፋን ሲሆን ግን ሁሉም ነቃ። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ማስገባት የሚያቅተው ካለ ሳይክል አይንዳ። አሁን የምንወስነው ዳገት ስለሚወጣ ሞተር ነው።

መስራች አባል፣ ረቡዕ ማታ
ይሄን ለእኔ ነው የጻፍከው? ስምህን በዚህ ማኅበር መዝገብ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በልጅነትህ ጎማ መለጠፍ ያስተማርኩህም እኔ ነኝ። ደህና እደር።

ጸሐፊ፣ ሐሙስ ጠዋት
ሁለታችሁም ቆም በሉ። አዲሱ አባል፣ ልኬቱ ትናንት ማታ ነበር የሚደርሰው። የት ደረሰ?

ኦዲተር፣ ሐሙስ
ሽፋኑን ከልባችን እንየው። ግማሽ ሽፋን ቢሆንስ? ከላይ ያለውን ካቴና ብቻ የሚሸፍን። ልብስ የሚገባው ከላይ በኩል ነው። ሞተሩን አይነካም፣ ከኋላ በኩል ፍሬሙ ላይ ይታሰራል።

የምሽት ቡድን፣ ሐሙስ
ጭቃው ግን ከታች ነው የሚመጣው።

ኦዲተር፣ ሐሙስ
ለጭቃው የፊት ጎማ መከላከያውን እናስረዝመው። ወፍራም ጎማ ቆርጠን ከታች ብናንጠለጥልበት ይበቃል።

የማለዳ ቡድን ተወካይ፣ ሐሙስ
ስለ ፍሬኑ ማክሰኞ ጽፌ ነበር። አራት ሳይክል። ጭነት ይዘው ቁልቁለት የሚወርዱ። ስለ ሽፋን ከ10 በላይ መልስ አለ፣ ስለ ፍሬን አንድ «እናያለን» አለ። በእውነት አዝኛለሁ። የፊት ፍሬን ብቻ ይዤ ቁልቁለት አልወርድም፣ ማንንም አላስወርድም።

የጥገና ክፍል፣ ሐሙስ
ልክ ነሽ፣ ይቅርታ። ለዚያ ለኋላ ርግጫ ፍሬን ተብሎ የተሠራ ቶንግሼንግ አለ። ሌላው መንገድ የኋላውን ጎማ በእጅ ፍሬን በሚቆም ጎማ መቀየር ነው። ሁለተኛው ይሻላል። የእጅ ፍሬን ሲኖር ማንሻው ላይ ሞተር ማጥፊያ ሽቦ ይገባል፤ ፍሬን ስትነኪ ሞተሩ ይቆማል። ማርሽ ሲቀየርም ለቅጽበት ሞተሩን የሚያቋርጥ ሴንሰር ያስፈልገናል። አለዚያ ካቴናው በጭነት ላይ ሳለ ይዘላል፣ ይበጠሳልም።

ጋሼ፣ የትናንቱን በንዴት ነው የጻፍኩት። አልነበረብኝም። ስለ ካቴናው ያሉትም እውነት ነው። አስቤበታለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ
የአራት የኋላ ጎማ፣ የስምንት የፍሬን ማንሻ፣ የ10 የማርሽ ሴንሰር ወጪ ረቂቁ ላይ የለም። 10 ኪት ከነባትሪው እንደማይሆን ከወዲሁ እነግራችኋለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

መስራች አባል፣ ሐሙስ ማታ
ልጄ፣ ተቀብያለሁ። እኔም ተናድጄ ነበር።

ማታውን ቁጥር 3ን አወረድኩና ሽፋኑን አየሁት። ከፊት በኩል ቆርጬ አፉን ባሰፋው፣ የሞተሩን የማርሽ ቤት እየዞረ ሊያልፍ ይችላል። ሞተሩን ግን በእጄ ይዤ ካላየሁ መቁረጥ አልችልም። አንድ ሞተር ስጡኝ፣ ሽፋኑን ከሱ ጋር አስማማዋለሁ።

ካቴናውንም ለካሁት። ከአንድ ፒን ጀምራችሁ 24 ክፍተት ቁጠሩ። አዲስ ካቴና ላይ 304.8 ሚሊሜትር ነው። 306.3 ሲደርስ ግማሽ በመቶ ረዝሟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይቀየራል። ሽፋን ያለው ቁጥር 3 ላይ 305 አገኘሁ። ሽፋኑ የተሰበረው ቁጥር 6 ላይ 307 አለፈ። ሁለቱም ካቴና አንድ ቀን ነው የተገዛው።

የጥገና ክፍል፣ ዓርብ ጠዋት
ይሄን ባየው ኖሮ ረቡዕ አልናገርም ነበር። 6 የሚሠራው መንገድም የባሰ ነው፣ ያን እንቁጠርለት። ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሞተር ሲገባበት ደግሞ ይፈጥናል።

ኦዲተር፣ ዓርብ
እንግዲያው ከኪቱ በፊት ሽፋን ይቅደም። አዲስ ቆርቆሮ ይገዛ፣ 10ሩም ይታደሱ። ጋሼ ሁለት ወጣት ይዘው ያስተምሩ። ሙያው እንዳይጠፋ እኔ እፈልጋለሁ።

የምሽት ቡድን፣ ዓርብ
እኔ እማራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ዓርብ
ቆርቆሮውን ዛሬ እፈርማለሁ።

ጸሐፊ፣ ዓርብ
ቆይ፣ ርዕሱ የመሃል ሞተር ነው። ዳገቱስ? እኔ ይህን ረቂቅ የጀመርኩት ሰው ወገቡን ይዞ ሲገፋ አይቼ ነው።

የማለዳ ቡድን ተወካይ፣ ዓርብ
ለሙከራ ሁለት ይገዛ። አንድ ኤችዲ፣ አንድ ቶንግሼንግ። ሁለቱም የእጅ ፍሬን ባላቸው ሳይክሎች ላይ። ተመሳሳይ ጭነት፣ ተመሳሳይ ዳገት፣ እኔ ልንዳቸው። ስንወርድ ሞተሩን በእጃችን እንንካው፣ የበላውን ዋት ሰዓት እንጻፍ። ከዚያ ማን ልክ እንደሆነ ይታያል።

የጥገና ክፍል፣ ዓርብ
እስማማለሁ። ቶንግሼንጉን ግን በከባድ ማርሽ ዳገት እንዳታስወጪው። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ እያዞርሽ ውጪ። ቀስ ብሎ ሲዞር ነው የሚሞቀው።

ጸሐፊ፣ ዓርብ ማታ
የተሻሻለው ረቂቅ፦ ሁለት ኪት ለሙከራ፣ ሁለት ባትሪ፣ የ10 ሽፋን ቆርቆሮ፣ ለቁጥር 6 አዲስ ካቴና፣ ለሽፋን ሥራው ሥልጠና የቅዳሜ ጠዋቶች። የአራቱ ሳይክሎች የኋላ ጎማ ቅያሬ ገንዘቡ ሲገኝ። የ10ሩ ኪት ግዢ ተላልፏል። ደስ አላለኝም፣ ግን ይሄው ነው።

የቱቦ ልኬቱ አልደረሰም። አዲሱ አባል ከማክሰኞ ወዲህ አልጻፈም። ያለ ልኬቱ ሁለቱንም ኪት ማዘዝ አንችልም። ሌላ የሚለካ ሰው አለ?

ገንዘብ ያዥ፣ ቅዳሜ ጠዋት
ቆርቆሮው ተገዝቷል።

መስራች አባል፣ ቅዳሜ
ስፋቱን እኔ በማስመሪያ እለካለሁ። የውስጡን ቀዳዳ ለመለካት ግን የፔዳሉ ክንድ መነቀል አለበት። መንቀያው አንድ ብቻ ነው ያለን። ማን ጋ ነው?