«ስቴሪዮስኮፒክ»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ሰላም ወንድም ዓለም፣ እህት ዓለም። ደሴ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አንድ ቃል ይዞኝ ሦስት ቀን ሆነኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ቃሉ «ስቴሪዮስኮፒክ» ነው፤ በሁለት ዓይን ስናይ የሚገኘውን የጥልቀት እይታ፣ እንዲሁም ለየዓይኑ አንድ አንድ ሆኖ ያንኑ ጥልቀት የሚያሳየውን ጥንድ ፎቶ የሚገልጽ ነው። ሥሩ ግሪክ ነው፤ «ስቴሬዎስ» ጠጣር፣ «ስኮፔኦ» ማየት። ተማሪዎቼ ግን «ስቴሪዮ» ስላቸው የሚመጣላቸው ቴፕ ነው። አይፈረድባቸውም።

ሐሳቡን ማስረዳት አልከበደኝም። ደጅ አወጣኋቸውና አውራ ጣታቸውን ወደ ጦሳ ተራራ ዘርግተው ዓይናቸውን በየተራ ጨፈኑ። ጣቱ ከቦታው ዘለለባቸው! ዓይኖቻችን በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ የሚያዩት ምስል ትንሽ ይለያያል። አእምሮ ከልዩነቱ ጥልቀትን ያወጣል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. ይህን ያሳየው ለእያንዳንዱ ዓይን የተለያየ ሥዕል በመስታወት አቅርቦ ነው።

የቸገረኝ ስያሜው ነው። «ባለ ሦስት አውታር» (ስሪ ዲ እንደሚሉት) ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ አንድ ዓይኔን ብጨፍንም ጦሳ ጠፍጣፋ አይሆንብኝም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥላ፣ መጠንና መደራረብ ለአንድ ዓይንም ጥልቀት ይነግሩታል። ስቴሪዮስኮፒክ ግን ከሁለቱ ዓይን ልዩነት የሚገኘው ብቻ ነው። «የጥንድ ዓይን እይታ» ልል አሰብኩ፤ ለእይታው ይሆናል፣ ለጥንዱ ፎቶ ግን አልገጥም አለኝ።

የዓይን ሐኪሞች፣ ከአየር ፎቶ ካርታ የምትሠሩ፣ በሥራችሁ ላይ ምን ትሉታላችሁ? ለሁለቱም የሚሆን ቃል አለ ወይስ እንዳለ «ስቴሪዮስኮፒክ» ልበል? ሰኞ ጠዋት ክፍል እገባለሁ።