ሲቲኤልኤ-4 ላይ ግራ ገብቶኛል፣ የገባው ይርዳኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ለሴሚናር እየተዘጋጀሁ ነው። ርዕሴ የሰውነታችን መከላከያ የራሱን አካል እንዳያጠቃ የሚገቱት ተቀባዮች (ሴል ላይ ሆነው ምልክት የሚቀበሉ ፕሮቲኖች) ናቸው፤ ሲቲኤልኤ-4 አንዱ ነው።

መነሻው ገብቶኛል። ቲ ሴል (የመከላከያ ነጭ የደም ሴል) በደንብ እንዲነቃ በላዩ ያለው ሲዲ28 የሚባል ተቀባይ፣ አንቲጅን አቅራቢ ሴል (የባዕድ ነገር ቁራጭ ለቲ ሴል የሚያሳይ ሴል) ላይ ካለው ቢ7 ከሚባል ፕሮቲን ጋር መያያዝ አለበት። ሲቲኤልኤ-4 ደግሞ ያንኑ ቢ7 በበለጠ ጥንካሬ ይዞ ይሻማዋል። ፍሬን በሉት። የሲቲኤልኤ-4 ጂን የሌላቸው አይጦች በተወለዱ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይሞታሉ፤ ቲ ሴሎቻቸው ያለ ልክ ተባዝተው ልብና ቆሽት ድረስ ይገባሉ። ፒዲ-1 የሚባለው ሌላ ገቺ ተቀባይ የሌላቸው ግን ሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣባቸው። እንደ ዝርያቸውም ይለያያል፦ በአንዱ ሉፐስ (መከላከያው የራስን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) መሰል፣ በሌላው የልብ ጡንቻ ሕመም። እስከዚህ ሰላም ነው።

የተቸከልኩት እዚህ ጋ ነው። ሲቲኤልኤ-4 የሌለው መቅኔ (የደም ሴሎች የሚፈጠሩበት የአጥንት ውስጥ ክፍል) ከጤነኛ መቅኔ ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጣት አይጧ አትታመምም። ፍሬን የሌላቸው ሴሎች እዚያው አሉ እኮ! ታዲያ ማን ያዛቸው?

ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች (ሌሎች የመከላከያ ሴሎችን የሚገቱ ቲ ሴሎች) በሲቲኤልኤ-4 አማካይነት ቢ7ን ከአንቲጅን አቅራቢው ሴል ላይ ነቅለው እንደሚውጡት አንብቤአለሁ። እንዲያ ከሆነ ፍሬኑ የሚያዘው ከውጭ ነው ማለት ነው። ግን ተራው ቲ ሴል ሲነቃ እሱም ሲቲኤልኤ-4 የሚያወጣው ለምንድን ነው?

በተቆጣጣሪውና በተራው ቲ ሴል ላይ ያለውን የሲቲኤልኤ-4 ድርሻ የሚለይ ሙከራ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ፒዲ-1 ከውስጥ ኤስኤችፒ-2 የሚባል ኢንዛይም ጠርቶ የሲዲ28ን ምልክት እንደሚያዳክም አውቃለሁ፣ እሱን በማስረዳት አትድከሙ። ጥያቄዬ ስለ ሲቲኤልኤ-4 ብቻ ነው።